አንተም አንቱም የማይባልበት ጋቢና

ከኮረም ወደ አላማጣ በግራካሱ ጠመዝማዛ የወረደ ሁሉ ጆሮው ድፍን ሲልበት፣ ምራቁን ሲውጥ ደግሞ ጧ ብሎ ሲከፈትለት ያውቀዋል። ኮረም ላይ ውሃውን ጠጥቶ ባዶውን ሃይላንድ አጥብቆ የከደነ ተሳፋሪ፣ አላማጣ ሲደርስ ፕላስቲኩ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጨማዶ ያገኘዋል። የረገጠው የለም። ጠርሙሱ ውስጥ የተከደነው የደጋው ስስ አየር ነው፤ ከታች ሜዳው ላይ የሚጠብቀው ደግሞ ወፍራም። ሁለቱ ከተሞች በከፍታ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ስለሚለያዩ፣ ወፍራሙ አየር ስሱን ከውጭ ተጭኖ አጨማደደው ማለት ነው።

አውሮፕላን ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚበር ለአብራሪዎች የሚነግራቸው መሣሪያ ከዚህ ሃይላንድ እምብዛም አይርቅም። አልቲሜትር ይባላል። የቀድሞዎቹ አልቲሜትሮች ዋና አካል አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ስስ የብረት ቆርቆሮ ነው። አውሮፕላኑ ሲወጣ ቆርቆሮው ይነፋል፣ ሲወርድ ይጨመቃል፤ መሣሪያው ያንን መነፋትና መጨመቅ ወደ ቁጥር ይመነዝረዋል። በአሁኖቹ አውሮፕላኖች ላይ ቆርቆሮው በኤሌክትሮኒክስ ቢተካም የሚለካው ያው የአየር ግፊት ነው። ቁጥሩ የሚነበበው በጫማ ሲሆን አንድ ሺህ ጫማ 305 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ መሣሪያ መሬቱን አያይም። ከሥሩ ያለው የራያ ሜዳ ይሁን የላስታ ተራራ አያውቅም፤ የሚያውቀው አየሩን ብቻ ነው። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በጫማ ወደ 4,800 ይጠጋል። አንድ አውሮፕላን በቆቦ ሜዳ ላይ 8,000 ጫማ እያነበበ ቢያልፍ ከሆዱ ሥር ከ3,000 ጫማ በላይ ባዶ አየር አለው፤ የሚያሰጋው ነገር የለም። በዚያው ቁጥር ወደ ምዕራብ ጥቂት ደቂቃ ቢቀጥል ግን፣ መሣሪያው 8,000 እንዳለ፣ ፊት ለፊት የላስታ ግድግዳ ይጠብቀዋል። አቡነ ዮሴፍ ብቻውን ከ13,000 ጫማ በላይ ነው። ታዲያ በዚህ አገር አየር ላይ ቁጥር ማንበብ ብቻውን ምን ይጠቅማል? ቁጥሩ ትክክል መሆኑን የሚጠይቅ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ጋቢና ውስጥ ሁለት አብራሪ የሚቀመጠውም አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲያሳርፍ ብቻ አይደለም።

ከቆቦ፣ ከሮቢትና ከጎብዬ ልጁን ወደ ጂዳ፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት የሸኘ ቤተሰብ ብዙ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ ከደረሰው የቦይንግ 737 ማክስ አደጋ ወዲህ ብዙዎቻችን ስለ አውሮፕላን ስንጨነቅ የምናስበው ስለ ማሽኑ ነው፤ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ኮምፒውተሩ። በአቪዬሽን ታሪክ ውስጥ ግን ምንም ያልተበላሸበት፣ ሞተሩም ክንፉም ደህና የሆነ አውሮፕላን፣ አብራሪዎቹ ሳያውቁት ከመሬት ጋር የተላተመበት አደጋ እጅግ ብዙ ነው። አብዛኛው የሚደርሰው ለማረፍ ዝቅ ሲሉ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ መነሻው አንድ ያልተባለ ወይም በስህተት የተሰማ ቃል ነው።

የቅርቡንና ሁሉም በሰላም ያለቀበትን እናስቀድም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2022 ከስቶክሆልም ተነስቶ ፓሪስ ቻርልስ ደ ጎል ለማረፍ የተቃረበ ኤርባስ 320 ነበር። ሰማዩ ደመናና ዝናብ ነው። አልቲሜትር እንዳልነው አየሩን ስለሚለካ፣ የአየሩ ግፊት ደግሞ ከቀን ቀን፣ ከቦታ ቦታ ስለሚለዋወጥ፣ አብራሪዎች ከማረፋቸው በፊት የዕለቱን የግፊት ቁጥር ከበረራ ተቆጣጣሪ ተቀብለው መሣሪያው ላይ ይሞላሉ። የዚያን ዕለት ቁጥሩ 1001 ሄክቶፓስካል ነበር። ተቆጣጣሪዋ 1011 አለቻቸው። አብራሪዎቹ 1011 ብለው ደገሙ፤ ሞሉ፤ ወረዱ።

አሥር ቁጥር ምን ታመጣለች? 280 ጫማ ገደማ ታመጣለች፤ 85 ሜትር። መሣሪያው ከእውነቱ በዚያ ያህል ከፍ አድርጎ እያነበበ፣ አውሮፕላኑ በዚያ ያህል ዝቅ ብሎ ሄደ። አብራሪዎቹ ሊወስኑ በሚገባቸው ከፍታ ላይ መንደርደሪያው ስላልታያቸው ማረፉን ትተው ወደ ላይ ተነሱ። በዚያች ቅጽበት ከመሬቱ የነበራቸው ርቀት 6 ጫማ ነበር። ሁለት ሜትር አይሞላም። ያውም መንደርደሪያው ገና ከፊታቸው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀር ነበር። ጋቢናው ውስጥ ያለው የመሬት ማስጠንቀቂያ ድምፅ አላሰማም፤ የጮኸው መቆጣጠሪያ ማማው ውስጥ ያለው ነው። እነርሱ ግን ይህን ሁሉ ሳያውቁ ዞረው፣ ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር እንደያዙ በድጋሚ ወረዱ፤ በሁለተኛው ዙር መንደርደሪያው ስለታያቸው በዓይናቸው አስተካክለው አረፉ።

የፈረንሳይ መርማሪዎች ሪፖርት ላይ እኔን ያስገረመኝ ከ6 ጫማው ይልቅ ሌላ ነገር ነው። ተቆጣጣሪዋ በዚያው ሰዓት ለአንድ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን በፈረንሳይኛ ትክክለኛውን ቁጥር ሰጥታለች። ለሌላ የኢዚጄት አውሮፕላን በእንግሊዝኛ 1011 ስትል፣ የኢዚጄት አብራሪዎች የደገሙላት 1001 ብለው ነው፤ ልዩነቱን ግን ልብ አላለችውም። እውነቱ በአየር ላይ፣ በዚያው ሬዲዮ፣ ሁለት ጊዜ ተነግሯል። ለሚመለከታቸው ሰዎች ግን አልደረሰም።

ቁጥር መድገም ለእኛም አዲስ አይደለም። ልጅቱ ከጂዳ ደውላ ‹‹እማዬ፣ የባንክ ቁጥሩን ንገሪኝ›› ስትል እናት ከደብተሩ ላይ አንድ በአንድ ታነባለች፤ ልጅቱ ትደግማለች፤ እናት ‹‹አዎ›› ትላለች። የበረራ ንግግርም በዚሁ የተሠራ ነው። ተቆጣጣሪው ያዛል፣ አብራሪው ቁጥሩን ደግሞ ይናገራል፣ ተቆጣጣሪው ያዳምጣል። የፓሪሱ ጉዳይ የሚያሳየው ግን የመድገም ወሰን የት ላይ እንደሆነ ነው፤ እናት ከመጀመሪያውኑ ከደብተሩ ላይ ቁጥር ካሳሳተች ልጅቱ አሥር ጊዜ በትክክል ብትደግም ገንዘቡ ሌላ ሰው ዘንድ ይገባል።

እናት የተናገረችው ትክክል ሆኖ ልጅቱ ስታሳስትስ? ይህ ደግሞ እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 1989 ማሌዥያ ውስጥ ደርሷል። ፍላይንግ ታይገር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የጭነት ቦይንግ 747 ከሲንጋፖር ተነስቶ ወደ ኩዋላ ላምፑር እየወረደ ነው። ተቆጣጣሪው ወደ 2,400 ጫማ እንዲወርዱ ሲያዝ ‹‹ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ›› አለ። በእንግሊዝኛ ‹‹ቱ›› ሁለት ቁጥርም ነው፣ ‹‹ወደ›› ማለትም ነው። አብራሪው የሰማው ‹‹ወደ 400›› ብሎ ነው። ‹‹እሺ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ›› ብሎ መለሰ። ተቆጣጣሪው ይህን ሰምቶ አላረመም። የመሬት ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ጮኸ፤ አልተሰማም፤ ወይም ተሰምቶ አልታመነም። አውሮፕላኑ ከኮረብታ ጋር ተላትሞ አራቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። በአንዲት ‹‹ቱ›› ምክንያት።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም. የእንግሊዙ ብሪቲሽ ሜዲትራኒያን አየር መንገድ ንብረት የሆነ ኤርባስ 320 ወደ ቦሌ እየወረደ ነበር። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከዚያ የሚበልጡ ኮረብታዎች አሉ። አውሮፕላኑ በደመና ውስጥ ሆኖ የሚከተለው ከመሬት ጣቢያ የሚላክለትን የአቅጣጫ ምልክት ነበር። የጣቢያው አንቴና ግን ውሃ ገብቶበት ስለነበር የሚልከው አቅጣጫ የተሳሳተ ነው። አብራሪዎቹ አንድ ጊዜ ሞክረው ተነሱ፤ ሁለተኛ ሲሞክሩ በአንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ ከ20 ሜትር ባነሰ ርቀት አለፉ። መሬቱ ሲታያቸው ወደ ላይ ሸሹ። የመሬት ማስጠንቀቂያው በጊዜ ያልደረሰላቸው፣ ‹‹የት ነኝ?›› የሚለውን የሚወስደው ከዚያው ከተሳሳተው ስሌት ስለነበር ነው። መሣሪያ መሣሪያን ሲጠብቅ እንዲህ ይሆናል፤ የሁለቱም ምንጭ አንድ ከሆነ ሁለት መሆናቸው ትርጉም የለውም።

ሰውስ? በአንድ ጋቢና ያሉ ሁለት ሰዎችም ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ የሚያምን ከሆነ።

ብዙ ሰው ካፒቴኑ ሁልጊዜ የሚያበር፣ ረዳት አብራሪው ደግሞ የሚላላክ ይመስለዋል። አይደለም። በእያንዳንዱ በረራ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ይከታተላል፤ ሬዲዮውን ይናገራል፣ ቁጥሮቹን ያነባል፣ ስህተት ካየ ይጠራል። ተራው ይለዋወጣል፤ ዛሬ ካፒቴኑ ካበረ ነገ ረዳቱ ያበራል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት፣ የአብራሪዎች ስህተት ያለባቸውን 37 ትልልቅ አደጋዎች መርምሮ ነበር። ከእነዚህ ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት፣ አደጋው ሲደርስ እያበረ የነበረው ካፒቴኑ ነው። ልምድ ያለው፣ ብዙ ሰዓት የበረረው። ነገሩ ግልብጥ ይመስላል። ሲያስቡት ግን ቀላል ነው፤ ወጣቱ ሲያበር አንጋፋው ጎኑ ቁጭ ብሎ ‹‹ፍጥነት ቀንስ፣ ከፍታህን እይ›› ለማለት ማንም አይከለክለውም። አንጋፋው ሲያበር ግን ወጣቱ ያያል፣ ያመነታል፣ ‹‹ሳያውቅ ቀርቶ ነው?›› ይላል በልቡ። እስኪወስን ድረስ ሰከንዶቹ ያልቃሉ።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1978 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ አቅራቢያ የደረሰው ይኸው ነው። የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ 8 የእግር ጎማው በትክክል መውረዱ አጠራጥሮ ካፒቴኑ አንድ ሰዓት ያህል በሰማይ ላይ ሲዞር፣ የበረራ መሐንዲሱ ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ያውቅ ነበር። ተናግሯልም፤ ግን በዘወርዋራ፣ በለዘበ ቃል። ‹‹ነዳጅ አለቀ፣ አሁኑኑ እንረፍ›› ያለ የለም። ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያስተምረው ሥልጠና በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። የሞቱት አሜሪካውያን፣ የዘወረውም አሜሪካዊ መሆኑን ልብ ይሏል። አለቃን መፍራት የእስያና የአፍሪካ ሰው ጠባይ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የማነሳው።

ያም ሆኖ የእኛ ቋንቋ የራሱ ሸክም አለው። ቆቦ ውስጥ አንድ ወጣት የአባቱን እኩያ ‹‹ተሳስተሃል›› አይለውም። ‹‹ተሳስተዋል›› ማለትም ይከብደዋል። ‹‹አባባ፣ እንደው እንዲህ ቢሆንስ?›› ብሎ ይጀምራል፤ ሰውየው ገብቶት ራሱ እስኪያስተካክል ይጠብቃል። መልካም ጠባይ ነው፤ እኔም ልጆቼ እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ። ግን እንዲህ ያለውን ንግግር ለመጨረስ ጊዜ ያስፈልጋል። በአማርኛ አንድን ሰው ለማዘዝ ‹‹ውጣ›› ወይም ‹‹ይውጡ›› ማለት ግድ ነው፤ ግሡ ራሱ ማን ከማን እንደሚበልጥ ሳይወስን ከአፍ አይወጣም። ዕድሜውን፣ ማዕረጉን፣ ቅርርቡን መዝኖ ነው አንደበት የሚፈታው።

የበረራ ጥሪ ቃላት የተሠሩት ይህን ሸክም ለማውረድ ነው ማለት ይቻላል። የሚከታተለው አብራሪ ከፍታው ከተባለው ሲዛባ ‹‹አልቲትዩድ!›› ይላል። ፍጥነቱ ሲዛባ ‹‹ስፒድ!›› ይላል። አውሮፕላኑ በጣም እየፈጠነ ሲወርድ ‹‹ሲንክ ሬት!›› ይላል። ግስ የለም፣ ተውላጠ ስም የለም። አንተም የለም፣ አንቱም የለም፤ ጋሼም ካፒቴንም አይጨመርበትም። ሃያ ዓመት የበረረውም፣ ትናንት የተመረቀውም የሚጠቀሙት አንድ ቃል ነው። ማንም ለማንም ቢለው ስድብ አይሆንም፤ የተጠራው ሰውም የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፤ እያስተካከለ መሆኑን መናገር። ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ዝም ካለ ወይም ካላስተካከለ፣ በብዙ አየር መንገዶች ሥርዓት መሠረት ተከታታዩ ‹‹አይ ሃቭ ኮንትሮል›› ብሎ መሪውን ይረከባል። ረዳት ቢሆንም።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ጉዳይ የሚያመው እዚህ ላይ ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ቦይንግ 737 ከቤይሩት በማዕበልና በመብረቅ መካከል ተነስቶ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ገባ። 90 ሰዎች ሞቱ። ይህ ከመነሳት በኋላ እንጂ በማረፍ ላይ የደረሰ አይደለም፤ የሊባኖስ መርማሪዎች የጻፉት ግን ከምንነጋገርበት ጋር አንድ ነው። አብራሪዎቹ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን በአግባቡ አልተቆጣጠሩም፣ የተዛባውን እየጠሩ እርስ በርስ አልተደጋገፉም አሉ። የኢትዮጵያ ወገን ይህን አልተቀበለም። አውሮፕላኑ በአየር ላይ መፈንዳቱን የሚያመለክት ነገር አለ፣ መብረቅም ሆነ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥቃት ሊሆን ይችላል ብሎ ተከራክሯል። ሁለቱ ወገኖች እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። የሟች ቤተሰቦች የያዙት ሁለት የተለያየ ታሪክ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ መኖር ምን እንደሚመስል ለመገመት ይከብዳል።

ያልተባለ ቃል ሁሉ ከፍርሃት አይመጣም። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣው በረራ 343 መውረድ መጀመር ያለበት ቦታ ሲደርስ አልወረደም። በ37,000 ጫማ ላይ እንዳለ አውቶፓይለቱ ይዞት ሄደ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ የለም። አውሮፕላኑ በቦሌ መንደርደሪያ አናት ላይ አልፎ ሲሄድ አውቶፓይለቱ ተቋረጠ፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ግንኙነቱ ተመልሶ አውሮፕላኑ ዞሮ ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ በሰላም አረፈ። የዓለም መገናኛ ብዙኃን ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር ብለው ዘገቡ። አየር መንገዱ በመግለጫው ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ጋር ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበር፣ ሠራተኞቹም ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ መታገዳቸውን አስታወቀ። በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ተሳቀበት። ሌሊቱን ሙሉ ከቆቦ አዲስ አበባ የሚነዳ የአይሱዙ ሾፌር ግን የሚስቅበት አይመስለኝም፤ ድካም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እርሱም ረዳቱን ጎኑ የሚያስቀምጠው ለወሬ ብቻ አይደለም።

ስለ ወሬ ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1974 በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ ለማረፍ እየወረደ የነበረ የኢስተርን አየር መንገድ ዲሲ 9 አብራሪዎች ስለ ፖለቲካና ስለ ያገለገሉ መኪኖች ሲያወሩ ከፍታቸውን ዘነጉት። በጉም ውስጥ ከመንደርደሪያው በፊት ተከሰከሰ፤ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ በ1981 አሜሪካ ከ10,000 ጫማ በታች በጋቢና ውስጥ ከሥራ ውጭ ማውራትን በደንብ ከለከለች። ለአሜሪካ ጥሩ ቁጥር ነው። ቦሌ ላይ ግን 10,000 ጫማ ማለት ከመሬቱ 2,400 ጫማ ብቻ ከፍ ማለት ስለሆነ፣ ቁጥሩን እንዳለ የወሰደ ሰው ዝም የሚለው ሊያርፍ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በደጋ አገር ደንብም ከፍ ብሎ መጀመር አለበት።

ዓይንም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ዛምቢያ ንዶላ ሊያርፍ ሄዶ፣ ገና በመሠራት ላይ ባለ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። መንደርደሪያው በግልጽ ይታያል፣ ያማረ ነው። የተቆጣጣሪው ችግር ግን አውሮፕላኑን ሊያየው አለመቻሉ ነበር። አንዱ ‹‹መንደርደሪያው ታይቶኛል›› ሲል ሌላው ‹‹የትኛው?›› ማለት ነበረበት። ማንም አልተጎዳም፤ ተነስቶ ወደ ትክክለኛው ሄደ።

ለተሳፋሪው ቤተሰብ የሚመለከተው ክፍል ይኸኛው ነው። ከራያ ቆላ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ወይ ወደ ላሊበላ ይወጣል፣ ወይ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ነው። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ ዝቅ ብሎ ሹምሸሃ ሜዳ ላይ ያለ ሲሆን ዙሪያው ተራራ ነው። በክረምት ደመናው ዝቅ ሲል አውሮፕላኑ ሊያርፍ ተቃርቦ ድንገት ሞተሩ ያጓራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፣ ሆድ ወደ ታች ይቀራል። ተሳፋሪው ‹‹ኡ!›› ይላል፤ ማርያምን የሚጠራ አለ፣ አላህን የሚጠራ አለ። አንዳንዴም ዞሮ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ከዚያ እንግዳ ማረፊያው ደርሶ ሊቀበል የመጣ ዘመድ ‹‹ሌላው ሲያርፍ ይኼ ምን ሆነ? ፈሪ ነው!›› ብሎ አብራሪውን ያማል።

ጋቢናው ውስጥ የሆነውን ቢሰማ እንዲህ ባላለ ነበር። ከመንደርደሪያው አንድ ሺህ ጫማ ከፍ ብለው ሳለ ተከታታዩ ‹‹ዋን ታውዘንድ›› ይላል። ፍጥነቱ፣ አቅጣጫው፣ የአወራረዱ ልክ፣ ጎማው፣ ሁሉ በቦታው ከሆነ የሚያበረው ‹‹ስቴብል›› ይላል። ከዚያ በታች ለመውሰን የተቀመጠው ከፍታ ሲደርስ ‹‹ሚኒመምስ›› ይባላል። መንደርደሪያው ከታየ ይቀጥላሉ። ካልታየ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ አንድ ነገር ካልጣመው፣ ‹‹ጎ አራውንድ›› ይላል፤ ይህን ቃል ረዳቱም ሊለው ይችላል፣ ካፒቴኑም ሊለው ይችላል። አንዴ ከተባለ ለምን ተባለ ተብሎ በአየር ላይ አይከራከሩበትም። መጀመሪያ ይወጣሉ። ክርክሩ ከመሬት በኋላ ነው፣ ካለ።

በዚያች የማጓራት ቅጽበት ሹምሸሃ ሜዳ ላይ የቆመው ዘመድ የሚያየው አውሮፕላኑ ከደመናው ሥር ብቅ ሳይል ድምፁ ወደ ላስታ ተራሮች ሲርቅ ነው። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ ቆቦ ይደውላል፤ ‹‹ተመልሷል፤ ለነገ ነው›› ይላል።